የጋሼ ጓዴ ቤዝ በሽቦ ይቀዳ ወይስ በአምፕሊፋየር፦ የአንድ ቅዳሜ ቃለ ጉባኤ

የቢቸናና የሞጣ የጋራ ዘፈን ቀረጻ ኮሚቴ፣ ዘጠነኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ቦታ፦ ቢቸና፣ ከአቶ እንዳለው ወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኘው የቀድሞ የእህል መጋዘን፣ ለጊዜው የቀረጻ ክፍል

ስብሰባው የተጠራው ለ3፡00 ሰዓት ሲሆን የተጀመረው በ4፡10 ነው። ምክንያቱ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ረስቼ መጣሁ ብለው ወደ ቤት መመለሳቸው ነው። መነጽሩ በኪሳቸው ተገኝቷል።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ያለው፣ ሰብሳቢ (ከቢቸና፣ የግብርና ጡረተኛ)
2. አቶ ሙሐመድጣሂር፣ ምክትል ሰብሳቢ (ከሞጣ፣ ነጋዴ፣ የአምፕሊፋየሩ ባለቤት)
3. ወ/ሮ ሄለን (ከባህል ጽሕፈት ቤት የተወከሉ)
4. አቶ እንዳለው (ከቢቸና፣ ባለ ወፍጮ)
5. ወ/ሮ ባንቺዓለም፣ ጸሐፊ (ተወልዳ ያደገችው ሞጣ፣ ያገባችው ቢቸና ነው፤ ስለዚህ ቢቸናዎች የሞጣ ናት፣ ሞጣዎች የቢቸና ናት ይላሉ)

ድምፅ ሳይኖራቸው የተገኙ፦ ጋሼ ጓዴ (ቤዝ ጊታር ተጫዋች) እና ወ/ሪት ሪሃብ (የቀረጻ ባለሙያ፣ የአቶ ሙሐመድጣሂር ልጅ)።

ያልተገኙ፦ አቶ አካለ ወልድ ወደ ደብረ ወርቅ ለተዝካር ሄደዋል። በስልክ በላኩት መልእክት፣ ዛሬ የሚወሰነውን ሁሉ ከወዲሁ እንደሚቃወሙ አስመዝግበዋል። አቶ ፋንታ ካረፉ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸዋል። በምትካቸው ከየትኛው ከተማ ሰው ይግባ በሚለው ስምምነት ስላልተደረሰ ግን እስካሁን አባል ናቸው። የቀሩት በፈቃድ ነው ተብሎ እንዲመዘገብ ሰብሳቢው አዘዋል።

ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወንበር ለአራት ብቻ ስለተሟላ ጸሐፊዋ እንደ ወትሮው በጆንያ ላይ ተቀምጣ ጽፋለች።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ኮሚቴው የተቋቋመው የሁለቱ ከተሞች የድሮ የሙዚቃ ቡድን ሳይቀዳ የቀረውን አንድ ዘፈን ለማስቀዳት ነው። ከቡድኑ ተጫዋቾች ዛሬም የሚጫወቱት ጋሼ ጓዴ ብቻ ናቸው። ባለፉት ስምንት ስብሰባዎች መሃል ወጣቶቹ ድምፃውያኑንና ሌላውን መሣሪያ ሁሉ ቀድተው ጨርሰዋል። የቀረው የእሳቸው ቤዝ ነው፤ እሱም የሚሰማው ከሞጣ በመጣው አምፕሊፋየር፣ የወንበር ያህል ቁመት ባለው የእንጨት ድምፅ ማጉያ፣ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

አቶ ሙሐመድጣሂር በርዕሱ ላይ ቢቸና ከሞጣ መቅደሟን ለዘጠነኛ ጊዜ ተቃውመዋል። አቶ ያለው ከአዲስ አበባ ሲመጡ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ቀድመው የሚያገኙት ቢቸናን እንደሆነ አስረድተዋል። አቶ ሙሐመድጣሂር ከባሕር ዳር ለሚመጣ ሰውስ ምን ሊሉት እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ያለው ከባሕር ዳር ማንም እንዳልተጠራ ገልጸዋል።

አቶ እንዳለው በፊደል ተራ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ያለው ደስ ብሏቸው ተቀበሉና፣ «እትዬ ባንቺ ፊደል የቆጠሩት ትናንትና ስለሆነ ተራውን አይረሱትም፤ እሳቸው ይንገሩን» አሉ። ጸሐፊዋ በመሠረተ ትምህርት የተማረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ነው። ጸሐፊዋ ከ«ሀ» ጀምራ ቆጥራ፣ «መ» አራተኛ፣ «በ» አሥረኛ መሆኑን አስታወቀች። አቶ ያለው ይህ አይጻፍ ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በጎዶሎ ቁጥር ገጾች ቢቸና፣ በሙሉ ቁጥር ገጾች ሞጣ እንድትቀድም ተወስኗል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ ቅሬታው ቀጥሏል።

አጀንዳ ሁለት፦ የጋሼ ጓዴ ቤዝ በምን ይቀዳ

ወ/ሮ ሄለን በጽሑፍ ያዘጋጁትን ሐሳብ አንብበዋል። ሦስት ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ መስመር ነበር። የጋሼ ጓዴ ጆሮ ስለደከመ ቤዙ በኪቦርድ ይተካ፣ ለእሳቸው የምስጋና ወረቀት ይሰጥ የሚል ነው። ወረቀቱ በፍሬም ገብቶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከወ/ሮ ሄለን ወንበር ሥር ታይቷል።

ጋሼ ጓዴ መልስ እንዲሰጡበት ተጠየቁ። «በንጋቱ መኪና ነው የመጣሁት፤ መንገዱ ደኅና ነው» ብለው መለሱ። ጥያቄው ተደገመ። «ልጆቹም ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ አቶ እንዳለው ጮኸው ሲጠይቁ፣ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሰምተው ምን ተፈጠረ ብለው ሰው ልከዋል። ጋሼ ጓዴ አልሰሙም።

ጸሐፊዋ ከመዝገቡ አንድ ወረቀት ቀዳ፣ በትልልቁ «ቤዙን በኪቦርድ እንተካው እያሉ ነው። ምን ይላሉ?» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው። ከመዝገብ ወረቀት መቅደድ ክልክል ስለመሆኑ ሰብሳቢው አሳስበዋል። ጋሼ ጓዴ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ለኮሚቴው የተናገሩት ይህ ነው፦

«ይህን የቤዝ ዜማ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰርጉም በበዓሉም ስመታው ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን ተቀድቶ አያውቅም። ቀኝ ጆሮዬ ሄዷል። ግራው በየወሩ ይቀንሳል። እሱም ከተዘጋ ክሩን መቃኘት ስለማልችል በቃኝ። አሁን የምሰማው በተረከዜና በመቀመጫዬ ነው። እዚህ አምፕሊፋየር ላይ አስቀምጡኝ፣ እመታለሁ። አይሆንም ካላችሁ ኪቦርዱን አምጡ፤ እኔም የስምንት ሰዓቱ የሞጣ መኪና አያምልጠኝ።»

አቶ ያለው ይህ ብዙ ስለሆነ በአጭሩ ይጻፍ ብለዋል። ጸሐፊዋ ማሳጠር ገና እንዳልተማረች ገልጻ እንዳለ ጽፋዋለች።

ወ/ሪት ሪሃብ የሙያ አስተያየት እንዲሰጡ ተጠይቀው የሚከተለውን አስረድተዋል። ጋሼ ጓዴ ያለ አምፕሊፋየር በጆሮ ማዳመጫ ሲሞከሩ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሲመቱ ተገኝተዋል። በአምፕሊፋየሩ ፊት ማይክ ተደርጎ ሲሞከር ደግሞ ማይኩ ወፍጮውንም፣ አህዮቹንም፣ ሰውንም አብሮ ቀድቷል። ስለዚህ ወ/ሪት ሪሃብ ከቦርሳቸው የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል የብረት ሳጥን አውጥተው አሳዩ። የጊታሩ ሽቦ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል በሁለት ይወጣል። አንዱ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዶ ለጋሼ ጓዴ ተረከዝ ይሆናል። ሌላው በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ ለቀረጻው ይሆናል። የተቀዳውንም ዘፈን በዚያው አምፕሊፋየር ስለምለቅላቸው፣ ከሥራቸው እየተንቀጠቀጠ ይከተሉታል ብለዋል።

አቶ ያለው ይህ በተግባር ከሚያውቁት ጋር እንደማይስማማ ተናገሩ። ካቻምና ከራሳቸው ቆጣሪ ለዋርሳቸው ቤት መስመር ስበው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱም ቤት አምፖሉ እንደ ኩራዝ ሆኗል፤ ዋርሳቸውም እስከ ዛሬ አያናግሯቸውም። ስለዚህ የጋሼ ጓዴ ድምፅ ለሁለት ከተከፈለ ግማሹ ለአምፕሊፋየሩ፣ ግማሹ ለኮምፒዩተሩ ደርሶ፣ ሁለቱም ጋ ጎዶሎ ይሆናል ብለዋል። አቶ እንዳለው ደግፈው፣ በመስኖ ውኃም ያየነው ይኸው ነው አሉ። አቶ ሙሐመድጣሂር ግማሽ ድምፅ ሞጣ እንደማይቀበል አስታውቀዋል።

ወ/ሪት ሪሃብ፣ «አባ፣ አምፕሊፋየሩ እኮ መብራቱን የሚበላው ከግድግዳው ነው። ከጋሼ ጓዴ የሚወስደው ወሬውን ብቻ ነው። ወሬ ለሁለት ሰው ቢነገር ይጎድላል?» አሉ።

አቶ እንዳለው፣ «እዚህ ከተማ እንኳን ሊጎድል!» ብለዋል።

ሳቅ ነበር። ሰብሳቢው ሳቁ እንዳይመዘገብ ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሳጥኑ እንዲሞከር፣ ሆኖም ጉድለት ቢኖር ለሁለቱም እንዲዳረስ ጋሼ ጓዴ በእጥፍ ኃይል እንዲመቱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አቶ ፋንታም እንደደገፉ ተቆጥሯል።

አጀንዳ ሦስት፦ ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ የየትኛው ከተማ ነው (በስብሰባው መካከል የተጨመረ)

ወ/ሪት ሪሃብ ሽቦዎቹን ሲሰኩ አቶ ሙሐመድጣሂር እጃቸውን አወጡ። አምፕሊፋየሩ የሞጣ ነው፤ ከሞጣ በመኪና አናት ላይ ተጭኖ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መጥቷል። ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ቢቸና ነው። በሳጥኑ ከተቀዳ ለዘፈኑ የሚገባው የኮምፒዩተሩ፣ ማለትም የቢቸናው ሽቦ ብቻ ነው። የሞጣው ሽቦ የአንድ ሰው ተረከዝ ሲያሞቅ ሊውል ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ።

ወ/ሪት ሪሃብ ኮምፒዩተሩ የራሳቸው እንደሆነ፣ እሳቸውም የሞጣ ልጅ እንደሆኑ አስታወሱ። አቶ ያለው ወ/ሪት ሪሃብ ሦስት ዓመት ቢቸና ስለሠሩ የቢቸና ናቸው አሉ። አቶ ሙሐመድጣሂር ልጄን ከአምፕሊፋየሬ ጋር ልትወስዱ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ያለው አምፕሊፋየሩን እንደማይፈልጉት መለሱ። አቶ ሙሐመድጣሂር በዚህ መልስ ይበልጥ አዝነዋል።

የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል፦ አምፕሊፋየሩም በማይክ ተቀድቶ የሞጣ ድምፅ እንዲካተት፤ ለዚህም ወፍጮው እንዲቆም። አቶ እንዳለው ወፍጮው አይቆምም፣ እናቶች ከገጠር መጥተው ቆመዋል አሉ። ካስፈለገ የወፍጮው ድምፅም ገብቶ የቢቸና ድርሻ ይባልና ሽቦው ለሞጣ ይሰጥ ብለዋል። ወ/ሮ ሄለን ከባለድርሻ አካላት ጋር የጋራ መግባባት እስኪፈጠር ጉዳዩ ይደር አሉ። በመጨረሻ የአምፕሊፋየሩና የሽቦው ድምፆች እንዲወዳደሩ፣ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴም ጀርባውን ሰጥቶ አዳምጦ እንዲፈርድ ስምምነት ተደረሰ።

ለውድድሩ ጋሼ ጓዴ እንዲመቱ ጸሐፊዋ በወረቀት አሳወቀቻቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እንደ ልብዎ» የሚል ነው። ይህን ቃል ማን እንዳዘዛት ሰብሳቢው ጠይቀዋል። ማንም አላዘዛትም።

ጋሼ ጓዴ ጫማቸውን አውልቀው አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጡ፤ ተረከዛቸውን ከእንጨቱ አስጠግተው መምታት ጀመሩ። ወለሉ ተንቀጥቅጧል። በዚህ ገጽ ላይ ያለው ጽሕፈት የተበላሸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጸሐፊዋ እጇ ገና አልጠናም የሚባለው ትክክል አይደለም።

በዚህ ጊዜ የንዑስ ኮሚቴው አባላት ጀርባቸውን ወደ የትኛው ግድግዳ ይስጡ የሚለው አከራከረ። አቶ ያለው ፊታቸውን ወደ ደጀን መንገድ፣ አቶ ሙሐመድጣሂር ወደ ሞጣ መንገድ ማዞር ፈለጉ። ሦስተኛ አባል የሆኑት ወ/ሮ ሄለን መሃል ቆመው የማንም ጀርባ ለማንም አይሰጥ አሉ። ቤዙ ስለከበደ ሁሉም የሚነጋገሩት እየጮኹ ነበር። አቶ ያለው አቶ ሙሐመድጣሂርን «እርስዎ እኮ ከአምፕሊፋየር በቀር ሌላ ነገር ይዘው መጥተው አያውቁም» ብለዋቸዋል። አቶ ሙሐመድጣሂር «እርስዎ መነጽርዎን እንኳ ይዘው አይመጡም» ብለዋል። አቶ እንዳለው ወፍጮውን ለማየት ወጥተው፣ ዱቄት ለብሰው ተመልሰዋል።

ጋሼ ጓዴ ከዚህ አንዱንም አልሰሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑን እስከ መጨረሻ መቱ። ወ/ሪት ሪሃብ ጣታቸውን አንሥተው አንድ ጊዜ ይድገሙ የሚል ምልክት ሰጧቸው፤ እንደገና መቱ። ሦስተኛም መቱ። ሦስተኛውን ሲመቱ ጭብጨባ ተሰምቶ ነበር፤ የሴቶቹ መሆኑ የታወቀው በወፍጮው በኩል ስለመጣ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ክርክሩ አላለቀም ነበር። ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

ሀ) ጀርባ የሚሰጥበት አቅጣጫ ስላልታወቀ ውድድሩ ያልተካሄደ ሆኖ እንዲቆጠር፤
ለ) የቤዙ ቀረጻ ከፋሲካ በኋላ እንዲታይ፤
ሐ) እስከዚያ ሳጥኑ ታሽጎ በሰብሳቢው ቤት እንዲቀመጥ፤
መ) ከፋሲካ በኋላም ስምምነት ከጠፋ ኪቦርድ እንዲገባ።

ጸሐፊዋ ተቃውማለች። ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ጓዴ ጊታራቸውን በምን ጆሮ ይቃኙ ብላ ጠይቃለች። ወ/ሮ ሄለን ለዚህ ነው የምስጋናው ወረቀት የተዘጋጀው ብለው ከወንበራቸው ሥር አውጥተዋል።

ጋሼ ጓዴ ውሳኔውን በወረቀት አነበቡ። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ መልሰው ጫማቸውን አደረጉ፤ ጊታሩን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ቦርሳው ማስገባት ጀመሩ። «ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው» ብቻ አሉ። ሰዓቱ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሪት ሪሃብ ሳጥኑን ከማሸጋቸው በፊት አንድ ነገር ለማሰማት ፈቃድ ጠየቁ። ሰብሳቢው ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ ብለው ፈቀዱ። ከኮምፒዩተሩ ዘፈኑ ተለቀቀ። ስድስት ደቂቃ ነው። ማንም አላቋረጠም።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጋሼ ጓዴ ቤዝ ነበረበት፤ ጎዶሎም አልነበረም። ወፍጮው የለም። አህያ የለም። የኮሚቴው አንድ ቃል የለም።

ሲያልቅ አቶ ያለው መጀመሪያ ያሉት፣ «እኛስ? እኔ እኮ በዚያን ሰዓት ብዙ ተናግሬያለሁ» ነው። ወ/ሪት ሪሃብ፣ «ጋሼ ያለው፣ አምፕሊፋየሩ ፊት ማይክ ቢኖር ኖሮ ይገቡ ነበር። ይህ ሽቦ ግን ከጋሼ ጓዴ ጣት በቀር ማንንም አያውቅም» ብለው መለሱ። ጸሐፊዋ ዘጠኝ ስብሰባ ሙሉ እንዲህ ያለ ጆሮ ስትመኝ መኖሯ በዚህ ይመዝገብ።

አቶ ሙሐመድጣሂር ተነሥተው አምፕሊፋየሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ይህ ሁሉ ሲሆን እሱ የት ነበር ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። ወ/ሪት ሪሃብ፣ «ከሥራቸው ነበር፣ አባ። እሱ ባይኖር አንድም አይመቱም ነበር» አሉ። አቶ ሙሐመድጣሂር ይህ ለሞጣ ይበቃል ብለው ተቀመጡ።

ወ/ሮ ሄለን የአሠራር ጥያቄ አነሡ። ቀረጻው የተሠራው በየትኛው ውሳኔ ነው? ውድድሩ ያልተካሄደ ነው ተብሏል። ቀረጻው ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ስለዚህ አሁን የሰማነው ነገር አልተቀዳም፤ ያልተቀዳ ነገር ደግሞ መሰማት የለበትም። ወይ ቀረጻው ይጥፋ፣ ወይ ውሳኔው አሉ።

ወፍጮው በዚያን ሰዓት ቆሞ ነበር። አቶ እንዳለው በዱቄት እጃቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እኔ ይህን ዘፈን በሰርጌ ቀን ነው የሰማሁት። ውሳኔው ይጥፋ» አሉ።

በዚህ መሠረት በዛሬው ስብሰባ ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ ሦስት የተወሰነው ሁሉ፣ በእጥፍ ኃይል መምታትም፣ የገጾቹ ቁጥርም፣ ማሸጉም፣ ከፋሲካ በኋላ የተባለውም፣ ኪቦርዱም በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። የተወሰነውን ሁሉ የተቃወሙት አቶ አካለ ወልድ በስልክ ሲነገራቸው መሻሩንም እንደሚቃወሙ አስታውቀዋል። የምስጋናው ወረቀት ለአምፕሊፋየሩ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወ/ሮ ሄለን ተቃውመዋል።

ሰብሳቢው ውሳኔዎቹ ከተሻሩ ቃለ ጉባኤውም እንዲሰረዝ ጸሐፊዋን አዘዋል። ጸሐፊዋ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የተማረችው መጻፍን እንጂ መሰረዝን እንዳልሆነ ገልጻ መዝገቡን ዘግታለች።

ጋሼ ጓዴ ዘፈኑ ሲለቀቅ ጀርባቸውን ሰጥተው ቦርሳውን ሲዘጉ ስለነበር አልሰሙም። ሰዎቹ ለምን እንደሚያዩዋቸው ጸሐፊዋን ጠየቁ። ጸሐፊዋ ካሁን ቀደም ከቀደደችው ወረቀት ጀርባ «ተቀድቷል። አልቋል።» ብላ ጻፈችላቸው። ጋሼ ጓዴ አነበቡት። ወ/ሪት ሪሃብን ተመለከቱ፤ ወ/ሪት ሪሃብ ዘፈኑን በአምፕሊፋየሩ ለቀቁት። ጋሼ ጓዴ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ጫማቸውን እንደገና አውልቀው፣ ባዶ ተረከዛቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው፣ ስድስቱን ደቂቃ ቆመው ሰሙት።

ስብሰባው በ7፡35 ተበትኗል። ወረቀቱ በጋሼ ጓዴ ኪስ ስለሄደ ከመዝገቡ ጎድሏል፤ ሰብሳቢው ስለጉድለቱ አልጠየቁም። አምፕሊፋየሩን እስከ መኪናው የተሸከሙት አቶ ያለውና አቶ ሙሐመድጣሂር ናቸው፤ አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላው በኩል ይዘው። ከበሩ ማን ይቅደም በሚለው ጥቂት ቆመው ተነጋግረዋል። መኪናው ጠብቋቸዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ ባንቺዓለም፣ ጸሐፊ። ፊርማዬ የራሴ ነው፣ የጣት አሻራ አይደለም።